በፈረስ ምትክ የተያዝኩባቸው ሁለት ቀናት

እኔ በፈረስ ምትክ ተይዤ ሁለት ቀን ጎጆ ተቀምጫለሁ። ጎጆ ስል የሣር ቤት ማለቴ አይደለም። ከጊንጪ ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ፣ መንገዱ ሆዳችሁን እየናጠው ሽቅብ ስትወጡ የምታገኟትን፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅባትን የጀልዱን ከተማ ማለቴ ነው። ፈረሱ የእኔ አልነበረም። የሰረቅሁትም እኔ አይደለሁም። እኔ የሰረቀውን ሰው «ከእንግዲህ አይሰርቅም» ብዬ በፊርማዬ ያረጋገጥኩ ባለሙያ ነበርኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የአምቦ ልጅ ነኝ። ሳይኮሎጂ ተመርቄ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ማረሚያ ቤት የሥነ ልቦና ባለሙያ ተብዬ ከተቀጠርኩ ሰባት ወር ሆኖኝ ነበር። ዓይኔ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መነጽር አደርጋለሁ፤ ዕድሜ ይጨምርልኛል ብዬ ከአምቦ ቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ነው። ደጋግሞ ስለሚያጠፋ ሰው የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ፦ ዓይን እያየ አያወራም፣ አይጸጸትም፣ ድህነት ወይም ክፉ አስተዳደግ ይገፋዋል። ሃያ ሁለት ጥያቄ ያለው ቅጽም አዘጋጅቼ ነበር። አራተኛው ጥያቄ «በሠራኸው ድርጊት ትጸጸታለህ?» ይላል። እስካሁን «አይ፣ እንዲያውም ደስ ብሎኛል» ያለኝ ታራሚ የለም። እኔም የሁሉንም ጸጸት እየመዘገብኩ እውል ነበር።

ከእነዚህ ጸጸተኞች አንዱ ኦቦ ደበላ ነው። አራት ጊዜ የተፈረደበት ፈረስ ሌባ። ወደ አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ዓይነ አፋር ሰው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን «ታራሚው» ነው። እሱ ደግሞ እኔን «ዶክተር» ይለኛል። አንድም ቀን አላረምኩትም።

በቅሎ አይነካም። በሬ አይነካም። በግ ደጁ መጥታ ብትተኛ ዞር ብሎ አያያትም። ፈረስ ብቻ፤ እሱም አንድ ፈረስ። ሰርቆ አይሸጠውም፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ከነፈረሱ ይያዛል። ሌብነት ደመወዝ ያለው ሥራ ቢሆን ኖሮ በችሎታ ማነስ ከተባረረ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ከመዝገቡ አንብቤ ስጨርስ የችግሩን መነሻ «ድህነት» ብዬ ጻፍኩ። የማይሸጥ ሌባ እንዴት በድህነት ይሰርቃል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

አሥራ አንድ ገጽ ነበር ሪፖርቴ። የአመክሮ ኮሚቴው የመጨረሻውን ገጽ አነበበ። እዚያ ላይ «ታራሚው ከፍተኛ የባህሪ ለውጥ አሳይቷል» ይላል። ተፈቀደለት። አንድ ነገር ብቻ ተጨመረበት፦ የመጨረሻው ፈረስ የተሰረቀባቸው ሰው ጋር ሄዶ ይታረቅ፤ ባለሙያው አብሮት ይሂድ፤ እርቁንም መስክሮ ይመለስ። ባለሙያው እኔ ነኝ። ያን ቀን ለእናቴ ደውዬ «ለመስክ ሥራ ልወጣ ነው» አልኳት። መስክ የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርጌ ነበር ያልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጊንጪ ላይ ታጥፈን ዳገቱን ስንጀምር መንገድ ዳር ፈረሶች መታየት ጀመሩ። ደበላ ወሬውን አቋረጠ። አንገቱ ከፈረሱ ጋር ይዞራል፤ ፈረሱ ከኋላ ሲቀር ቀጣዩን ይጠብቃል። ቅጼን አወጣሁ።

«ኦቦ ደበላ፣ ፈረስ ሲያዩ ምን ይሰማዎታል?»

አሰበበት። «ፈረሱ ይሰማኛል።»

«ማለቴ፣ ውስጥዎ ምን ይላል?»

«ዶክተር፣ አንተ ፈረስ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

በአዘኔታ አየኝ። «እንግዲያው ምን ብዬ ልንገርህ?» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ቅጹ ላይ «ራሱን በግልጽ ይገልጻል» ብዬ ጻፍኩ።

የፈረሱ ባለቤት ኦቦ ጉተማ ከጎጆ ከተማ ትንሽ ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ገብስና ድንች ያመርታሉ። ስድሳን ያለፉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ስንደርስ ጃርሳዎቹ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ ተሰብስበው ይጠብቁናል። ጎረቤቱም ወጥቷል። ዳማው ፈረስ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ተሰርቆ የተመለሰው ራሱ፣ አጥሩ ጥግ ታስሮ ሣሩን ያመነዥጋል። ፈረስ ያመነዥጋል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ ያኔ የማውቀው ይህንኑ ያህል ነው።

እርቁ ያምር ነበር። ደበላ መሬት ላይ ተደፋ፤ ኦቦ ጉተማ አነሱት፤ ተቃቀፉ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር ተረስቷል። ደበላን ሌባ ብሎ የሚጠራ በመካከላችን አይኑር። እንደማንኛችንም ሰው ነው።» ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቀበለ። ደበላን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ደብተሬን አውጥቼ «በደስታ ስሜት ተውጧል» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶም አነሳሁ።

ከዚያ «ዶክተሩ አንድ ነገር ይበሉን» ተባለ። ነገር ከማበላሸቴ በፊት ቁጭ ብል ጥሩ ነበር። እኔ ግን ተነሳሁ። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ስለ ሰው ልጅ ባህሪ ለውጥ አብራራሁ። በመጨረሻ እጄን ደበላ ትከሻ ላይ አድርጌ «ለዚህ ሰው እኔ ዋስ ነኝ!» አልኩ። ተጨበጨበ። በሕይወቴ እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

የገብስ ቂጣ በቅቤ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ ድንች መጣ። በላን፣ ተጫወትን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠን ብዬ ተነሳሁና «ኦቦ ደበላ የት አሉ?» አልኩ።

«አሁን እዚህ ነበረ» አለ አንዱ።

የኦቦ ጉተማ ባለቤት አዴ ጫልቱ ከበራፍ ወደ አጥሩ ጥግ አዩ። «ፈርዲ ኤሳ ጅራ?» አሉ። ፈረሱስ የት አለ?

ገመዱ ብቻ ነበር የቀረው። እንዳይረግጡት ይመስል በወጉ ተጠቅልሎ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል።

ከዚያ ግቢው ፈነዳ። «ሃቱ!» ይላል አንዱ፤ ሌባ ማለት ነው። ወጣቶቹ ዱላ አነሱ። ከሁሉም የከፋው ለሚ ነበር፤ የኦቦ ጉተማ የመጀመሪያ ልጅ፣ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ፣ እርቁን ከመጀመሪያው ያልወደደ። «አባ፣ ነግሬህ ነበር!» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረ። «ዋስ ነኝ ያለው ማን ነው?»

ያ ሁሉ ሲያጨበጭብ የነበረ ሰው አየኝ።

«እኔ... ዶክተር አይደለሁም» አልኩ። ከሰባት ወር በኋላ ማረሜ ነበር።

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

«የመጀመሪያ ዲግሪ ነኝ።»

ኦቦ ጉተማ ልጃቸውን በእጃቸው ገታ አደረጉት። ድምፃቸው አልጨመረም። «ልጄ፣ ቃል ሰጥተሃል። ፈረሱ እስኪገኝ አንተ እኛ ጋ ትቆያለህ። የሚነካህ የለም።» መታወቂያዬንና ቦርሳዬን ወሰዱ። ስልኬን ተዉልኝ፤ ግን ለማን ልደውል? ለኃላፊዬ ደውዬ «በፈረስ ምትክ ተይዣለሁ» ስለው አስቡት። ደውዬ «እርቁ ትንሽ ረዝሟል» አልኩት። «ጥሩ ነው፣ አትቸኩሉ» አለኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ብቻ ቢሆን የሚያስቅ ነበር። ለሚ ግን ከመውጣቱ በፊት ጆሮዬ ሥር ቆሞ እንዲህ አለኝ፦ «ፈረሱን ለፖሊስ አስረክባለሁ። ሰውየውን ግን ካገኘሁት ለፖሊስ የሚተርፍ ነገር አይኖርም።» አልጮኸም። ወጣቶቹን ይዞ ወደ ጊንጪ መንገድ ወረደ፤ ሌባ ወደ ገበያ ነው የሚሄደው ብሎ። ሰውየውን ከግንብ ውስጥ አውጥቼ ዱላ ፊት ያቆምኩት እኔ ነኝ። በአሥራ አንድ ገጽ።

አዴ ጫልቱ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጡኝ፣ ድንች አቀረቡልኝ። አልበላም ስላቸው ተቆጡ። «ብላ። ፈረሳችን የወፈረ ነበር፤ በምትኩ የከሳ ሰው አንቀበልም።»

እሑድ ቤተሰቡ ቸርች ይሄዳል። ብቻዬን እንዳይተዉኝ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ሁለተኛው ወንበር ላይ በባልና ሚስቱ መካከል አስቀመጡኝ። ፓስተሩ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ ከስብከቱ በፊት ጸሎት አደረገ፤ መጀመሪያ ለፈረሱ፣ ቀጥሎ ለእኔ። ለፈረሱ የጸለየው ይረዝማል። ስንወጣ አዛውንቶች እየመጡ ጨበጡኝና «አይዞህ፣ ይገኛል» አሉኝ። ሐዘን ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። ማታ ወጣቶቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ለሚ ያየኝን አስተያየት ከእራቱ ጋር ዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት አዴ ጫልቱ ድንች ይልጣሉ፤ እኔም ቢላ ተሰጥቶኝ አብሬ እልጣለሁ። እንደዚያ ቀን በትምህርቴ ያልተጠቀምኩበት ጊዜ የለም። ቦርሳዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ስላዩት «ያ ወረቀት ስለ ደበላ ነው የሚያወራው?» አሉኝ።

«አዎ፣ መዝገቡ ነው።»

«አንብብልኝ እስኪ። ድንቹ እንደሆነ አያልቅም።»

ሪፖርቴን ላነብላቸው ስጀምር በሁለተኛው መስመር አዛጉ። «የአንተን ተወው። እሱ ያደረገውን አንብብ። የመጀመሪያውን ፈረስ መቼ ወሰደ?»

ገለጥኩ። «ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ በገባ ሳምንት።»

«እሺ። ሁለተኛውን?»

«ከወንድሙ ጋር በመሬት ተጣልተው በታረቁ በሦስተኛው ቀን።»

ቢላዋቸው ቆመ። «ሦስተኛውን?»

«ከእስር ወጥቶ ዘመድ በግ አርዶ በተቀበለው ማግስት። አራተኛው የእናንተ ዳማ ነው፤ የዕድር ዳኛ ሆኖ በተመረጠ ሳምንት።»

አዴ ጫልቱ ሳቁ። እንባ እስኪያፈሱ ሳቁ። «ወይ ልጄ! ይህ ሰውዬ የሚሰርቀው ሲርበው ሳይሆን ሲጠግብ ነው እኮ! አንተ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ድህነት።»

«ጎሽ» አሉና ሌላ ድንች አነሱ። ከዚያ ቀስ ብለው «የት የት ነው የተያዘው?» አሉ።

አራቱም ክስ የተለያየ ቀበሌ፣ የተለያየ ፖሊስ የጻፈው ነው። አንዱ «የጉግስ ሜዳው ላይ» ይላል። ሌላው «ከጫካው በታች ባለው ሜዳ»። ሦስተኛው «ከወንዙ ማዶ፣ ሣር ላይ ተቀምጦ»። አራተኛው «የፈረስ መጋለቢያው አካባቢ»። እኔ የአምቦ አስፋልት ልጅ አራት ቦታ መስሎኝ ነበር። አዴ ጫልቱ ቢላውን አስቀመጡ።

«ይኼ ሁሉ አንድ ሜዳ ነው» አሉ። «በበዓል ብቻ ሰው የሚሄድበት። ፈረስ የተሰረቀበት ሁሉ የየራሱን ያውቃል እንጂ የሌላውን ማን ጠየቀ? የእኛም ያኔ እዚያ ሲገኝ አጋጣሚ መስሎን ነበር።» ተነስተው ወደ ጓሮ ጮኹ። «ጉተማ! ጫማህን አድርግ!»

በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገር ሆነ። ከበር ላይ የጎረቤት ሴት ብቅ አለችና አንድ እንጨት የሚሰበስብ ሰው ሜዳው ላይ ዳማ ፈረስ አይቶ ለለሚ እንደደወለለት ነገረችን። እነ ለሚ ያን ሰዓት ከተማ ነበሩ። ከከተማ ሜዳው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ከእኛ በአቋራጭ ግማሹን ያህላል። እነሱ ግን ቀድመው ተነስተዋል፤ ኦቦ ጉተማ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«መንገዱ ይኸው ነው፣ ወንዙን ይዘህ ቀጥ በል» አሉኝ ኦቦ ጉተማ። «አንተ ሩጥ። እኔ እደርሳለሁ።»

«ብጠፋስ? መያዣ እኮ ነኝ!»

«ጥፋ እንግዲህ!» አሉና ገፉኝ።

ሮጥኩ። ቢሮ የማደርገውን የቆዳ ጫማ አድርጌ፣ የታረሰ ማሳ አቋርጬ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ። ሳንባዬ ያን ከፍታ አያውቀውም፤ መሐል ላይ ልቤ በአፌ የምትወጣ መሰለኝ። ጫካውን ስዞር ሜዳው ተዘረጋ። ዳማው ሣር ይግጣል፤ ሰውነቱ ታሽቶ ያብለጨልጫል። ደበላ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከእርቁ ቀን በኪሱ ያስቀረውን ቆሎ ይቆረጥማል።

«ዘገያችሁ» አለኝ። «ድሮ በማግስቱ ነበር የምትመጡት።»

ጎንበስ ብዬ አለከለክሁ። እሱ ግን ዓይኑ በርቷል። «እነማን እነማን ይፈልጉኛል? የጊንጪ መንገድ ተዘግቷል? ፖሊስም ወጥቷል?»

«ለሚ... ዱላ ይዘው... ይገድሉዎታል! ይነሱ፣ እንሂድ!»

አልተነሳም። ንዴት መጣብኝ። ቅጹም ሙያውም ጠፋኝ፤ እንደ ማንኛውም የተናደደ ሰው ጮኽኩበት። «ምን ሆነው ነው? ማሩዎት እኮ! አቀፉዎት! ምን ጎደለዎት?»

ቆሎውን ከመዳፉ አራገፈ። «ልጅ ሆኜ እዚህ ሜዳ ላይ የሰው ፈረስ ተውሼ ጋልቤ ነበር። አንድ ቀን ብቻ። ሜዳው ሁሉ 'ደበላ! ደበላ!' አለ። ከዚያ ፈረሱን መለስኩ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በነጋታው ማንም አልጠራኝም።» ወደ ፈረሱ አየ። «ስሰርቅ አገሩ ሁሉ ይፈልገኛል ዶክተር። የማያውቀኝ ሰው ስሜን ይጠራል። ሲታረቁኝ ግን... ሽማግሌው 'ተረስቷል' ሲሉ ሰማህ? 'እንደማንኛችንም ሰው ነው' ሲሉስ? ጉድጓድ ውስጥ አፈር የሚመልሱብኝ ነው የመሰለኝ። ነገሩ ሲያምር እፈራለሁ። መቼ እንደሚበላሽ ስለማላውቅ እኔው አበላሸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደረቴ ቀለል ይለዋል።»

ያንን ሲል ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነበር። ደብተሬ ላይ ያሰመርኩት ሁሉ እዚያው ሜዳ ላይ ቀረ።

«አንተስ?» አለኝ። «ነገር ሲያምርልህ ምን ታደርጋለህ?»

የምቆምበት ጊዜ አልነበረም፤ ግን ጥያቄው አሰረኝ። ሌንሳ ትዝ አለችኝ። አምቦ ያለች ነርስ፣ ሁለት ዓመት አብረን የቆየን። ሽማግሌ ልልክ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ እናቷ በርበሬ አስጥተው ሳለ፣ ስልኳን ማንሳት አቆምኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበር፤ ምን እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። ከእሷ በፊትም አንዲት ነበረች፤ እሷንም እንዲሁ በጥሩ ቀን ነው የተውኳት። ሌላም ሌላም ነበር።

ከጫካው በኩል ጩኸት መጣ። እነ ለሚ ናቸው፤ ስምንት ይሆናሉ።

ደበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። «ፈረሱን በድንጋይ አይመቱም» አለ። «ና ውጣ፤ አንተንም አይነኩህም።»

«የት?»

መልስ ሳይሰጥ ብብቴን ይዞ እንደ ጆንያ ዳማው ጀርባ ላይ ጣለኝ። ኮርቻ የለም። እሱ ልጓሙን ይዞ ከፈረሱ አንገት ጋር ተጣበቀ። እንዲህ ሆነን ወደሚመጡት ሰዎች አቀናን፤ አንድ ሌባ፣ አንድ ባለዲግሪ፣ አንድ ፈረስ። ከሦስቱ የተረጋጋው ፈረሱ ብቻ ነበር።

«ውረድ!» አለኝ ለሚ።

«አልወርድም!» አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ መውረድ አላውቅበትም።

«አንተ ሰውዬ ውረድ ብያለሁ!»

«መጀመሪያ አባትህ ይምጡ! እየመጡ ነው!»

ለሚ ዱላውን ሰነዘረ። የሰነዘረው ለደበላ ነው፤ ደበላ ጎንበስ ሲል ግን ዱላው ጉልበቴን ገጭቶ የፈረሱ ጭን ላይ አረፈ። ዳማው እሪ ብሎ ዘለለ፤ ከዚያም በረረ። ጋማው ላይ ተጣበቅሁ። መነጽሬ በረረ፤ ዓለም ቅንጣት አልደበዘዘብኝም። ከኋላዬ ስምንቱም ዱላቸውን ጥለው «ፈረሱ! ፈረሱ!» እያሉ ይሮጣሉ። ደበላን የሚያስታውስ የለም። ጫካው አጠገቡ ነው፤ አንድ እርምጃ ቢገባ የሚያገኘው አልነበረም።

እሱ ግን ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። አንድ ጊዜ፣ ረዘም አድርጎ። ዳማው ባለበት ቀጥ አለ።

ፈረሱ ቆመ። እኔ ቀጠልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ክንዴ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ደበላ በአንድ እጁ ልጓሙን፣ በሌላው የእኔን አንገት ደግፎ ይዟል። ለሚ ከላያችን ቆሟል፤ ዱላውን መልሶ አንስቷል፤ ግን ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ተሰባብሯል። ሮጦ ማምለጥ የሚችል ሰው ፈረስ ሊመልስ ሲቆም አይቷል። ይህን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። እኔም አላወቅሁም።

ያን ጊዜ ኦቦ ጉተማ እያነከሱ ደረሱ። ከወጣቶቹ አንዱ «አባ፣ እርቁን አፈረሰ እኮ!» አላቸው።

ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅናቸው። «የታረቅነው ከሌባ ጋር ነው» አሉ። «ሌባው ሰረቀ። ምን አዲስ ነገር አለ? ከመልአክ ጋር ታርቀን ቢሆን ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር።» ወደ ደበላ ዞሩ። «በእግርህ ጣቢያ ትሄዳለህ። እኛ መሐል ሆነህ። ማንም አይነካህም።» ዱላውን ከለሚ እጅ ወስደው ተመረኮዙበት።

እንዲያ ሆነን ጎጆ ገባን። ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየን። ደበላን ሰረቅ አድርጌ ብመለከተው አንገቱን ቀና አድርጓል፤ ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ይሰማል። ሊያስቀኝ ነው፣ ሊያስለቅሰኝ ነው፣ አልለየሁትም። ክንዴ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጄሶ ተደረገለት። መታወቂያዬን አዴ ጫልቱ ራሳቸው አመጡልኝ፤ ከአንድ ፌስታል ድንች ጋር።

ደበላ አመክሮው ተሰርዞ ተመለሰ፤ አዲስ ፍርድም ተጨመረበት። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። አዲስ ሪፖርት ጻፍ ስባል አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ስለዚህ ሰው የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ነበር» የሚል ነው። ኃላፊዬ «ይህ ለቢሮ አይመጥንም» ብሎ መለሰልኝ። እንደገና አልጻፍኩትም።

ሃያ ሁለቱን ጥያቄዎች ግን ጣልኳቸው። አሁን በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ፤ አንድ ጥያቄ አስቀድሜ እጠይቃለሁ፦ ከጥፋቱ በፊት በነበረው ሳምንት ምን ሆነ? መልሱ ሁልጊዜ እንደ ደበላ አይደለም። ርቦት የሰረቀ አለ። ሰው ሲጎዳ ደስ የሚለውም አለ፤ እሱ ዓይን ዓይናችሁን እያየ ያወራል፣ ቆንጆ አድርጎም ይጸጸታል። የሁሉም በሽታ አንድ ነው ብዬ ብነግራችሁ ሌላ አሥራ አንድ ገጽ መጻፌ ነው። ብቻ ደጋግሞ የሚያጠፋ ሰው የሚያጠፋበት የራሱ ሰዓት አለው፤ ሰዓቱንም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይልቅ አጠገቡ ሆኖ ድንች የሚልጠው ሰው ነው።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ፤ እስካሁን በደበላ ስቃችሁ እኔን ማለፍ አይቻልም። ክንዴን በጨርቅ እንዳንጠለጠልኩ ሌንሳ ቤት ሄጄ ነበር። በሯ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ምክንያቱን ስለነገርከኝ ደህና አደረግህ» አለችኝ። «ግን ታጭቻለሁ።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሴት አገባሁ። በሠርጉ ሳምንት እግሬ ሊሸሽ ሲያሳክከኝ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። «ጫማህን ደብቄዋለሁ፣ አታስብ» አለችኝ። እናንተስ፣ ነገር ሲያምርላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ባለፈው ጊዜ ስልክ ያላነሳችሁለትን ሰው ጠይቁት።

ደበላን እስር ቤት ያለ ቅጽ እየሄድኩ አወራው ነበር። ሊወጣ ሲል አንድ ነገር ተስማማን፦ ክፉ ቀን ሲመጣ ለፈለገው ይደውል፤ ደግ ቀን ሲመጣ ግን ለእኔ። ከወጣ ጀምሮ ስድስት ጊዜ ደውሏል። ያለፈው ቅዳሜ በቀትር ስልኬ ጮኸ። ከበስተጀርባው ዘፈንና እልልታ ይሰማል።

«ዶክተር፣ ልጄን ድሬ ዛሬ ሠርግ ላይ ነኝ» አለኝ። «ሁሉም አቀፈኝ። ለሚም መጥቶ አቀፈኝ። በጣም ጥሩ ቀን ነው።»

«አሁን የት ነው ያሉት?»

«ከዳሱ ጀርባ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ፈረሶች። የሠርገኛው።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ታስረዋል?»

«አሥሩ ታስረዋል። አንዱ፣ ነጩ፣ ገመዱ ላልቷል ዶክተር።»

ቁጭ ካልኩበት ተነሳሁ። አምቦ ነኝ፤ ብበር አልደርስም። «ኦቦ ደበላ» አልኩ፣ «ስልኩን ሳይዘጉ ሄደው ያስሩት።»

የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያ የፈረስ ትንፋሽ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሚተነፍስ እስኪመስለኝ ቅርብ ሆኖ። እልልታው ቀጥሏል። አንድ ደቂቃ ይሁን አምስት አላውቅም፤ እኔ ነኝ ትንፋሼን የያዝኩት።

«አሰርኩት» አለኝ።